እስከ ማን ጉልበት?

ሐምሌ ውስጥ ነው። ከሰፈራችን በታች ወንዙ ዳር ሰው ተሰብስቧል። ወንዝ ስላልኩት አትሳቁ፤ በጋ ላይ ልጆች ዘለው የሚሻገሩት ነገር ነው። ክረምት ሲገባ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ከላይ የዘነበውን ሁሉ ሰብስቦ፣ ማኪያቶ መስሎ ይወርዳል። ድልድይ የለውም። መሻገሪያው ላይ ድንጋይ ተደፍቶበታል። ሰውም፣ አህያም፣ ሲኖትራክም በዚያው ነው የሚያልፈው።

ገረጋንቲ የጫነ ሲኖ መጥቶ ቆመ። ረዳቱ ዱብ አለ። ሱሪውን ሰበሰበ፣ ከሰው አጥር አንድ እንጨት መዘዘ፣ ፊት ፊቱን እየወጋ ገባ። መሀል ሲደርስ ዞሮ ጮኸ።

«ጋሼ፣ እስከ ጉልበት ነው! ና!»

ዳር የቆሙ አንዲት እናት «እስከ ማን ጉልበት?» አሉ። ሳቅን። ልጁ በጣም ረጅም ነው፤ የእሱ ጉልበት ለእኚያ እናት ወገብ ሊሆን ምንም አይቀረው። ሹፌሩም ሳቀ። «ትናንትም አልፌበታለሁ» ብሎን ማርሽ አስገባ።

አለፈ። ከኋላው የነበረው ባጃጅ «ሲኖው አልፏል አይደል» ብሎ ተከተለው። መሀል ላይ ሞተሩ ጠፋ፣ ኋላው ወደ ጎን መንሳፈፍ ጀመረ። ተሳፋሪዋን ያው ረዳት በጀርባው አውጥቷት፣ ባጃጁን በገመድ ጎትተን አተረፍነው። ሰው አልተጎዳም። የባጃጁ ልጅ ግን ሞተሩን ለማስጠገን ያወጣውን ብር እስካሁን ይቆጥራል።

በዚያው ሰሞን ሻይ ቤት ተቀምጠን አንዱ ስልኩ ላይ ቪዲዮ አሳየን። ካናዳ ነው። ትልልቅ ቦቴዎች ተከታትለው በሐይቅ ላይ ይሄዳሉ፤ ሐይቁ በረዶ ሆኗል። ግማሹ «ውሸት ነው፣ ኮምፒውተር ነው» አለ። እኛ ሱሉልታ በኩል ያለን ሰዎች ደግሞ ከበረዶ ጋር ትንሽ ትውውቅ አለን። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውጪ ያደረ ባልዲ ጠዋት ስስ መስታወት ለብሶ ይጠብቃል። በጣት ነካ ሲያደርጉት ይሰበራል። በዚያ ላይ መኪና? አንድ የድሮ ከባድ መኪና ሹፌር ግን አልተከራከሩም። «ስንት ሴንቲ ሲሆን ነው የሚነዱበት?» ብለው ጠየቁ። ማንም አልመለሰላቸውም። ቤቴ ገብቼ ያነበብኩት ለሳቸው ብዬ ነው። ወንዛችንን ስላስታወሰኝ ደግሞ ይኸው እጽፋለሁ።

ሂሳቡ ቀላል ነው። በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት ይሠራ የነበረው ሎርን ጎልድ እ.ኤ.አ. በ1971 ያወጣው ቀመር ዛሬም ይሠራበታል። የበረዶውን ውፍረት በሴንቲ ሜትር ይለካሉ። ቁጥሩን በራሱ ያባዛሉ። ከዚያ በ4 ያባዛሉ። የሚመጣው በረዶው የሚሸከመው ኪሎ ነው። (አራቷ እንደ ጥንቃቄው መጠን ከፍም ዝቅም ትላለች።) 10 ሴንቲ 400 ኪሎ ይችላል፤ ፈረስ ከነጋላቢው በሉት። ከነጭነቱ 30 ቶን የሚመዝን ገልባጭ 87 ሴንቲ ገደማ ይፈልጋል። በረዶው የዚያ ግማሽ ቢሆንስ? ግማሽ ጭነት የሚመስለው ብዙ ነው። አይደለም፣ ሩብ ነው፤ ሰባት ቶን ከምናምን። ለዓይን «ትንሽ ብቻ ሳሳ» የሚመስለው በሚዛን ሲታይ ሌላ ጉድ ነው።

ውፍረቱን ማወቅ ደግሞ አይበቃም። ጥርት ያለ፣ ሰማያዊ መሳይ በረዶ አለ፤ እሱ ጠንካራው ነው። በረዶው ላይ የወረደ አመዳይ ውኃ ጠጥቶ እንደገና ሲረጋ የሚሠራ ነጭ በረዶም አለ፤ ውስጡ አየር ነው። ነጩን በግማሹ ነው የሚቆጥሩት። 40 ሴንቲ ነጭ 20 ነው ማለት ነው። ወንዝ ወደ ሐይቁ የሚገባበትና የሚወጣበት ቦታ ላይ ከሥር ውኃው ስለሚንቀሳቀስ በረዶው ይሳሳል። ስለዚህ አንድ ቦታ ሰርስሮ «በቃ፣ ደርሷል» ማለት የለም። በቀላል መኪና ራዳር እየጎተቱ መንገዱን እየተከተሉ ይለካሉ፤ በመሰርሰሪያም እየበሱ ያረጋግጣሉ።

እኔን የገረመኝ የፍጥነቱ ነገር ነው። ከባድ መኪና ሲሄድበት በረዶው ጎበጥ ይላል፤ ከሥሩ ውኃው ውስጥ ማዕበል ይነሳል። የመኪናው ፍጥነት ከማዕበሉ ፍጥነት ጋር ከገጠመ ማዕበሉ እያደገ ሄዶ በረዶውን ከታች ይሰብረዋል። የጫኑ መኪኖች በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር በላይ እንዳይሄዱ የሚከለከሉት ለዚህ ነው። ዳር ሲቃረቡ ደግሞ ከዚያም ይቀንሳሉ፤ ማዕበሉ ከባሕሩ ዳር ተጋጭቶ ይመለሳላ። ቆሞ ሻይ መጠጣትም የለም፤ የቆመ ጭነት ሥር በረዶው ቀስ እያለ ይሰምጣል። «ቶሎ ብዬ ልለፈው» የሚል ሹፌር እዚያ ቦታ የለውም።

አሁን ወደ ወንዛችን ልመለስ። ረዳቱ በእንጨቱ የለካው ጥልቀቱን ነው። ውኃው በምን ፍጥነት እንደሚሄድ አልለካም። 60 ሴንቲ ያህል ከፍታ ያለው ፈጣን ውኃ አብዛኛውን የቤት መኪና ጠርጎ ሊወስድ ይችላል፤ ለትንሽ መኪና ግማሹም ይበቃል። የዚያ ልጅ ጉልበት ከዚያ ብዙም አይርቅም። ሲኖው በክብደቱ ተሻገረ፤ ባጃጁ ክብደት የለውም። አንድ መሻገሪያ ለአንዱ መንገድ ሲሆን ለሌላው መቃብር ሊሆን ይችላል።

ከሥር ያለውን ደግሞ ማን አየው? ከላይ ድንጋይ ነው፣ ከድንጋዩ ሥር ግን ዋልካ ነው። ዋልካን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። በጋ ላይ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። ክረምት ላይ ውኃ ጠጥቶ ያብጥና ሊጥ ይሆናል። የጫነ ሲኖ ባለፈ ቁጥር ድንጋዩን ወደ ሊጡ ይገፋዋል። እንግዲህ «ትናንት አልፌበታለሁ» ሲል ሹፌሩ እንደ ማስረጃ ነበር ያቀረበው። እኔ ደግሞ ዛሬ መጠንቀቅ ያለበት ትናንት ስላለፈበት ነው እላለሁ። ትናንት እሱ ብቻም አይደለም ያለፈው፤ ከጠዋት እስከ ማታ ተሰልፈው ሲያልፉ ውለዋል።

ሹፌሩን መውቀስ ቀላል ነው። አልወቅሰውም። የሚከፈለው በቢያጆ ነው። ቆሞ ውኃው እስኪጎድል ቢጠብቅ የቀኑ ገንዘብ አብሮ ይሄዳል፤ ባለመኪናውም ይደውልበታል። እንዲህ ያለ ሰው እንዴት ብሎ የራሱ ዳኛ ይሆናል?

የካናዳው መንገድ የረዳኝ እዚህ ላይ ነው። ከየሎውናይፍ ከተማ ወደ ሰሜን የሚሄደው የክረምት መንገድ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ በየዓመቱ ይሠራል፣ በየዓመቱ ይቀልጣል። ከመንገዱ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆነው ሐይቅ ላይ ነው። የሚከፈተው በዓመት ለሁለት ወር ገደማ ብቻ ነው። የሚያሠሩት የአልማዝ ማዕድን ኩባንያዎቹ ናቸው። ልብ በሉልኝ፤ ለለኪዎቹ፣ ለጠራጊዎቹ፣ ለጠባቂዎቹ የሚከፍለው ባለጭነቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሙቀቱ በዝቶ በረዶው አልወፍር ሲል መንገዱ ያለጊዜው ተዘጋ። ጭነቱ ያላለቀላቸው ኩባንያዎች ነዳጅና ዕቃ በአውሮፕላን አመላለሱ። ምን ያህል እንደሚያስወጣ አስቡት። ገንዘብ ስለማይወዱ አይደለም፤ ቁጥሩ ስላልደረሰ ነው።

በእርግጥ ሳይደርስም የሚገባበት ጊዜ አለ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሩሲያዋ ከተማ ሌኒንግራድ ተከብባ ሕዝቡ በረሃብ ሲያልቅ፣ እ.ኤ.አ. በ1941 ኅዳር ላይ አጠገቧ ያለውን ላዶጋ ሐይቅን እንደረጋ ወዲያው ነው የነዱበት። መጀመሪያ የፈረስ ጋሪ መሳይ ሸርታቴ አሳለፉ፤ ከዚያ ዱቄት የሚያመጡ ትንንሽ የጭነት መኪኖች። ሹፌሮቹ በሩን ከፍተው ይነዱ ነበር፤ በረዶው ከከዳ ለመዝለል። ብዙ መኪና ሰጥሟል። እዚያም ቢሆን የበረዶውን መጉበጥ የሚለኩ የፊዚክስ ሰዎች ነበሩ። እኛ ጋ የተከበበ ከተማ የለም። ያለው ነገ ቢደርስም ፎቁ የማይፈርስ ገረጋንቲ ነው።

«የሚያስፈልገን ድልድይ ነው እንጂ የበረዶ ወሬ አይደለም» የምትሉ አላችሁ። ልክ ናችሁ። ድልድዩ ይሠራ። እስከዚያ ግን ክረምት በየዓመቱ ይመጣል። የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው፣ ሁሉም ርካሽ። በየመሻገሪያው በየ10 ሴንቲው ቀለም የተቀባ የብረት ምሰሶ ይተከል። ውኃው ከየትኛው ምልክት ሲያልፍ ማን እንደሚቆም፣ ባጃጅ የት ላይ፣ ሚኒባስ የት ላይ፣ ሲኖ የት ላይ፣ አብሮ ይጻፍ። ሰንሰለት የሚዘረጋ አንድ ሰው ይመደብ፤ የሚከፈለው በቢያጆ ሳይሆን በቀን ይሁን። ገንዘቡን ድንጋዩን ከካባ እያወጡ በመሻገሪያችን የሚያመላልሱት ያዋጡ። ለአልማዝ ነጋዴ ያልከበደ ለገረጋንቲ ነጋዴ ለምን ይከብዳል? ሰፈሩ ደግሞ በየበጋው የሰመጠውን ድንጋይ ሲተካ ኖሯል፤ የድርሻውን ከፍሏል።

እስከዚያው እኔና ጎረቤቴ አንድ የውኃ ቱቦ ቀይና ነጭ ቀብተን ዳሩ ላይ ተከልን። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ስሄድ አህያ ታስሮበት አገኘሁ። ተናደድኩ፣ ደግሞም ሳቄ መጣ። ባለአህያውን «አባቴ፣ ይሄ እኮ የውኃ መለኪያ ነው» አልኳቸው። «አውቃለሁ ልጄ፣ ጠዋት ጠዋት ይጎድላል ብዬ ነው» አሉኝ።

ይህን የምጽፈው ነሐሴ አጋማሽ ላይ ነው። ከሰዓት በኋላ በላይ በኩል ጠቁሮ ነበር፤ አሁን ውኃው 40ን አልፏል። አህያው የለም። ሽማግሌው ፈትተውት ዳገቱን ይዘውታል። ከወዲያ ማዶ አንድ ሲኖ ቆሟል፣ ረዳቱም ሱሪውን እየሰበሰበ ነው።