እርማት፦ የኤሌክትሪክ ጅረቱ መጨመር ብቻውን የአጸግብሮቱን ፍጥነት አይነግርም

ወንድማችን ከኮምቦልቻ በላኩት ጽሑፍ፣ የስካኒንግ ኤሌክትሮኬሚካል ማይክሮስኮፕ (በፈሳሽ ውስጥ ቀጭን ኤሌክትሮድን ወደ አንድ ገጽ እያስጠጋ የኤሌክትሪክ ጅረት የሚለካ መሣሪያ) ጫፍ ወደ ብረት ገጽ ሲጠጋ የሚታየው የጅረት ጭማሪ ራሱ በገጹ ላይ የሚካሄደው አጸግብሮት ፍጥነት እንደሆነ አስፍረዋል። ደሴ ውስጥ ሳስተምር ይህንኑ አባባል ደጋግሜ እሰማለሁ፤ ነገር ግን ስሕተት ነው።

በአለን ባርድ የሚመራው የቴክሳስ ቡድን በ1989 እ.ኤ.አ. ባስተዋወቀው በዚህ ዘዴ፣ ጫፉ ላይ የተለወጠው ሞለኪውል በስርጭት (በፈሳሹ ውስጥ በራሱ በመበተን) ወደ ገጹ ይጓዛል፤ ገጹ ወደ ቀድሞ መልኩ ከመለሰው እንደገና ጫፉን ይመግባል፣ ጅረቱም ያድጋል። ገጹ እንደ ብርጭቆ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍና ሞለኪውሉን የማይመልስ ከሆነ ግን ስርጭቱ ስለሚታገድ ጅረቱ ይቀንሳል። ስለዚህ የሚለካው ጅረት የጉዞና የአጸግብሮት ድምር ውጤት ነው። እህሉ በአህያ ቀስ እያለ የሚደርሰው ወፍጮ ቤት የሚያወጣው ዱቄት የአህያዋን እርምጃ እንጂ የወፍጮውን አቅም አያሳይም።

በቁጥር እንየው፦ የስርጭት ኮኤፊሸንቱ (ሞለኪውሉ ምን ያህል በፍጥነት እንደሚሰራጭ የሚገልጸው ቁጥር) በሰከንድ 0.00001 ካሬ ሴንቲሜትር፣ በጫፉና በገጹ መካከል ያለው ክፍተትም 10 ማይክሮሜትር ቢሆን፣ የመጀመሪያው ለሁለተኛው ሲካፈል የጉዞው ፍጥነት ጣሪያ በሰከንድ 0.01 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። ከዚህ እጅግ የሚፈጥን አጸግብሮት ሁሉ በተግባር አንድ ዓይነት የመጠጋት ኩርባ (ጅረቱ ከክፍተቱ ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥ የሚያሳይ መስመር) ስለሚሰጥ፣ ተመራማሪው ሊል የሚችለው «ቢያንስ ይህን ያህል ነው» ብቻ ነው። ክፍተቱን ወደ 1 ማይክሮሜትር ማጥበብ ጣሪያውን 10 እጥፍ ያሳድገዋል፤ ይህም አነስ ያለ ጫፍና በጥንቃቄ የተስተካከለ ገጽ ይጠይቃል። የፍጥነቱ ቋሚ (የአጸግብሮቱን ፍጥነት የሚገልጸው ቁጥር) የሚገኘው ሙሉው የመጠጋት ኩርባ፣ በሁለቱ ጽንፎች (ሙሉ በሙሉ በሚመልስና ፈጽሞ በማይመልስ ገጽ) መካከል ካለው የንድፈ ሐሳብ ኩርባ ጋር ሲነጻጸር ነው።