ደረሰኝ ያለው ወረፋ

በዋሽንግተን ዲሲ መሀል ከተማ በሚገኝ የመኪና ማቆሚያ ሕንፃ ውስጥ ገንዘብ ተቀባይ ሆኜ ስሠራ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። በሰው መኪና ላይ ሰዓት እየቆጠርኩ ያገኘሁትን ደግሞ፣ የልጆቼ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር፣ ፍሎሪዳ ውስጥ ኦርላንዶ አካባቢ ለሚገኝ አንድ የመዝናኛ ፓርክ ስገብር ኖሬያለሁ፤ የዘንድሮው ጉዞ 11ኛዬ ነው። የፓርኩን ስም አልጠራም፤ በዚያ ከተማ ዙሪያ እንዲህ ያለው ቦታ ብዙ ነውና፣ የአንዱን ስም መጥራት ሌሎቹ ከደሙ ንጹሕ ናቸው ማለት ይመስልብኛል።

ታማኝነቴ ቀላል አልነበረም። ከቨርጂኒያ ተነሥቶ በ95 ቁጥር አውራ ጎዳና ኦርላንዶ ለመድረስ፣ ነዳጅ ለመቅዳትና ልጆችን ለማስሸናት የሚቆመው ሳይቆጠር፣ 13 ሰዓት ያህል መንዳት ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ መንገድ የሚያስኬደኝ የሮለር ኮስተር ፍቅር እንዳይመስላችሁ፤ እኔ መሰላል ላይ ስወጣ እንኳ ዓይኔን የምጨፍን ሰው ነኝ። እኔ የምወደው ወረፋውን ነበር። በሥራዬ ሰውን የማውቀው በመኪናው ነው፤ ማን ከጥላ ሥር፣ ማን ጣሪያ ላይ ፀሐይ ውስጥ እንደሚያቆም፣ ማን ቁልፉን በእጄ እንደሚሰጠኝና ማን እንደሚወረውርልኝ አውቃለሁ። እዚያ ወረፋ ውስጥ ግን የመርሴዲሱ ባለቤትና የመርሴዲሱን ቁልፍ የምቀልበው እኔ ከአንድ ገመድ ጀርባ፣ በአንድ ፀሐይ፣ በእኩል ላብ እንቆም ነበር። የእሱ ልጅ ስታለቅስ የእኔ ልጅ ብስኩት ታካፍላታለች፤ በ50ኛው ደቂቃ ላይ ስለ ወገብ ሕመም እንጫወታለን። አንድ ሰው በቀን ውስጥ ለአንድ ሰዓት ከጠበቃ ጋር እኩል የሚሆንበት ሌላ ቦታ ካለ ንገሩኝና ነገ እሄዳለሁ።

የተሸጠብኝ እንግዲህ ይህ ወረፋ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ዲዝኒ በፓርኮቹ ውስጥ ተራ የሚያስይዝ ቲኬት ሲጀምር ቲኬቱ ነጻ ነበር፤ መግቢያ የከፈለ ሁሉ ሰዓቱ የተጻፈበትን ወረቀት ከማሽን ይወስድና ሰዓቱ ሲደርስ በአጭሩ መስመር ያልፋል። በ2021 ግን ነጻው አሠራር ቀርቶ በሚከፈልበት ተተካ። ዛሬ በየትልልቁ ፓርክ ፈጣን መስመር ይሸጣል፤ ዋጋውም እንደ መግቢያው ሁሉ ከቀን ቀን የሚለያይ ሆኗል፤ ልክ እንደ ፋሲካ ሰሞን ሽንኩርት። ዕረፍት ላይ ያለ ሰው ከንጋቱ ጀምሮ እንደ ሂሳብ ሠራተኛ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ የደቂቃ ዋጋ ሲያሰላ ይውላል።

ነገሩን ቆሜ ሳስበው (ለማሰብ የሚያስችል ጊዜ ተሰጥቶኝ ነበር) አንድ ነገር ተገለጠልኝ። ፈጣኑ መስመር የሚሸጠው ዘገምተኛው መስመር ስላለ ነው፤ ማንም ባይቆም ማንም ለማለፍ አይከፍልም። ስለዚህ ሻጩ በእርግጥ የሚሸጠው የእኔን መቆም ነው። ለሰው የሚሸጥ ዕቃ ሆኜ ቆሜ ሳለሁ የመግቢያ አስከፍሎኛል፣ ከሽያጩም ድርሻዬን የሰጠኝ የለም።

ዘንድሮ ከጉለሌ የልጅ ልጆቿን ልትጠይቅ የመጣችው እናቴ አብራን ነበረች። ነጠላዋን እንደ ለበሰች፣ ዳቦ ቆሎዋን በፌስታል ይዛ፣ ከ40 ደቂቃ በላይ ቆመን ሳለ በጎናችን እየሳቁ የሚያልፉትን ሰዎች ስትከታተል ቆየች።

«እነዚህ የሚያልፉት ነፍሰ ጡሮች ናቸው?» አለችኝ።

«አይደሉም እማዬ፤ ከፍለው ነው።»

«ለማን ነው የከፈሉት?»

«ለፓርኩ።»

እናቴ በደርግ ጊዜ ለስኳር ቀበሌ ኅብረት ሱቅ ደጅ ስትሰለፍ የኖረች፣ ወረፋዋን ለድንጋይ አደራ ሰጥታ ወጥ ልታማስል ቤቷ ደርሳ የምትመለስ ሰው ናት፤ በዚህ ጉዳይ ላይ ከእኔ ይልቅ የበቃች ናት። «እኛ ዘንድ በጓሮ በር ለሚያስገባው ዘበኛ ነበር የሚከፈለው» አለችና ጥቂት አሰበች። «ደረሰኝ ይሰጧቸዋል?»

«ይሰጧቸዋል።»

«እንግዲያውስ ጉቦ አይደለም» ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ዳቦ ቆሎዋን ቀጠለች።

ስለ ሌላው ክፍያ ብዙ አልልም። የሆቴሉ ሂሳብ ላይ ከመኝታው በላይ «የሪዞርት ክፍያ» የሚባል ተጨምሮ አገኘሁ፤ ምን እንደሆነ ስጠይቅ ሪዞርት ውስጥ ስላደርኩ እንደሆነ በትሕትና ተነገረኝ። አልጋ ተከራይቶ ለፍራሹ ለብቻ እንደ መክፈል ነው። በመኪና ማቆሚያው ላይ ግን፣ ሙያዬ ስለሆነ፣ ትንሽ ልቆይ። እዚያ ተራ ማቆሚያ አለ፣ ተጨማሪ ለከፈለ ደግሞ ለበሩ የቀረበ ማቆሚያ አለ። ተራው የት እንደሚያስቆም ለመረዳት እናቴ በመንገዱ ላይ ሁለት ጊዜ ተቀምጣ ማረፏን መናገር ይበቃል። ቁጣዬን ለባለቤቴ በሰፊው ሳስረዳ እናቴ ከኋላ «አንተስ የኳስ ጨዋታ ባለበት ቀን ዋጋ ታስጨምር የለም?» አለች። ይህን ለምን ብዬ እንደ ነገርኳት አላስታውስም፤ ለሰው ሥራን ማውራት ጥሩ አይደለም።

ፍትሐዊ ለመሆን ያህል፣ የዱሮው ዘመን ሁሉ ገነት አልነበረም። ዋልት ዲዝኒ ካሊፎርኒያ፣ አናሃይም ውስጥ የመጀመሪያውን ዲዝኒላንድ በሐምሌ 1955 ሲከፍት መግቢያው ለአዋቂ 1 ዶላር ነበር፤ በየመጫወቻው ግን ለየብቻ ይከፈል ነበር። የመክፈቻው ዕለት ሙቀቱ አስፋልቱን አለስልሶት የሴቶች ታኮ ይሰምጥ ነበር ይባላል። የቧንቧ ሠራተኞች የሥራ ማቆም አድማ ስላደረጉ ከሽንት ቤትና ከመጠጥ ውሃ ቧንቧ አንዱን መምረጥ ግድ ሆነ፤ ሽንት ቤቱ ተመረጠ። ውሃ ያጣው እንግዳም ይህ ሁሉ ለስላሳ እንድንገዛ ተብሎ የተሸረበ ነው ብሎ አኮረፈ። እኔን የሚገርመኝ ኩርፊያው ነው። በዚያን ዘመን ደንበኛ መሸጫ መሆኑን መጠርጠር ያስቆጣው ነበር፤ ዛሬ እኛ ሳንጠረጥር በስልካችን እናረጋግጠዋለን።

ወደ ማታ ልጄ ለምና ለምና አንድ ሮለር ኮስተር ላይ አወጣችኝ። ስንወርድ መውጫው በቀጥታ ወደ ስጦታ ዕቃ ሱቅ ይወስዳል፤ ሌላ በር የለም። በሩ አጠገብ ስክሪን ላይ በፍርሃት አፉን የከፈተ፣ ዓይኑን የጨፈነ ሰው ፎቶግራፍ ይታያል። የገዛ ፊቴን መልሼ እንድገዛ ነው የተለጠፈው። አልገዛሁትም፤ ባለቤቴ ገዛችው።

ገንዘብ ተቀባይዋ ደግ ልጅ ነበረች። የእናቴን ነጠላ አይታ የመጀመሪያ ጉብኝቷ እንደሆነ ጠየቀች፤ አዎን ስላት ከመሳቢያ ውስጥ «የመጀመሪያ ጉብኝቴ» የሚል ክብ ባጅ አውጥታ ነጠላዋ ላይ በነጻ ለጠፈችላት። በዚያ ቀን በነጻ ያገኘነው ዕቃ እሱ ብቻ ነው። እኔም አንገቴን ቀና አድርጌ፣ ዘንድሮ ለ11ኛ ጊዜ መምጣቴን፣ በዝናብም በሙቀትም እንዳልቀረሁ ገለጥኩላት። ልጅቱ መሳቢያውን ፈተሸች፤ የልደት አለ፣ የሙሽሮች አለ፣ የ11ኛ ጊዜ ግን የለም። ትንሽ አዝናልኝ «ታማኝ ደንበኛ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ኮፍያ ከመደርደሪያው ላይ አወረደች፤ እሱ ግን የሚሸጥ ነበር።

«ስንት አለች?» አለችኝ እናቴ። ነገርኳት።

«ግማሹን ጥራላትና ጥለሃት ሂድ፤ ትጠራሃለች።»

የመርካቶ ብልሃት ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ግማሹን ጠርቼ ወጣሁ። እስከዚያ ሩቅ መኪና ማቆሚያ ድረስ ቀስ እያልኩ፣ አልፎ አልፎም ጆሮዬን ወደ ኋላ እየጣልኩ ሄድኩ። የጠራኝ የለም።