ለክቡር «በእጅ የተሠራ» ማስታወሻ ደብተር

ጉዳዩ፦ ምስጋና ስለማቅረብ

እንደምን ሰንብተዋል? ከዓርቡ ዝግጅት ወዲህ የረገፉ ገጾችዎን ለቃቅሜ ፖስታ ውስጥ አስቀምጫለሁ፤ 11 ናቸው። ጀርባዎ ለብቻው መሳቢያ ውስጥ ነው። ቀሪው አካልዎ በላስቲክ ታስሮ በመልካም ሁኔታ ላይ ይገኛል።

ዓርብ ምን እንደሆነ እርስዎም ያውቃሉ፤ አንባቢ እንዲፈርደን ግን ልድገመው። በመሥሪያ ቤታችን መዝገብ ቤት የሥራ ዘመናቸውን በሙሉ ያሳለፉ ሴት ጡረታ ወጡ። ሁላችንም እትዬ እንላቸዋለን። ስጦታ የመግዛቱ ኃላፊነት በእኔ ላይ ወደቀ። ወደቀ ስል፣ «ስለ ወረቀት እኔ አውቃለሁ» ብዬ እጄን ያወጣሁት ራሴ ነኝ። ሦስት ሳምንት ፈለግኩዎት። ጣቴ ስልኬን ሲገፋ ሲገፋ ደንዝዞ፣ በመጨረሻ ከደረቀ አበባ አጠገብ፣ የመስኮት ብርሃን ፈስሶብዎት፣ ጋደም እንዳሉ አገኘሁዎት። «ልዩ፣ በእጅ የተሠራ፣ በፍቅርና በጥንቃቄ የተዘጋጀ፣ እውነተኛ ቆዳ» ይላል መግለጫዎ። ወረቀቱ በካሬ ሜትር ስንት ግራም እንደሚመዝን አይልም። በክር ይሰፋ፣ በሙጫ ይጣበቅ፣ አይልም። ፍቅር ከተባለ በኋላ ደግሞ ግራም መጠየቅ ነውር መሰለኝ።

ንግግርም አደረግኩ። ማን አድርግ እንዳለኝ አላውቅም። «ይህ እንደ ማንኛውም ደብተር አይደለም» አልኩ። ትንቢት ነበር።

ሌላ ሰው ቢሆን ሽፋንዎን ደባብሶ፣ አመስግኖ ያስቀምጥዎት ነበር። እትዬ ግን ዕድሜ ልካቸውን ሰነድ ሲጠርዙና ሲሰፉ የኖሩ ናቸው። ጀርባዎን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱ። አንድ ገጽ አንሥተው በብርሃን አዩ። ቀጥለው መሐልዎን ከፍተው ጠረጴዛው ላይ ሊዘረጉዎት ሲሞክሩ እንደ ወጥመድ ተመልሰው ገጠሙ። ጫን አደረጉዎት። ቀጭ!

«ልጄ፣ ስፌቱ የታለ?» አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት፤ እኔ መስማቴ ግን በቂ ነበር።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ምን ነበረበት? ሥራ አስኪያጁ መልካም ምኞታችንን ሁላችንም እንድንጽፍበት ወሰኑ። ቀለም የሚሞላ ብዕራቸውን አውጥተው «መልካም የጡረታ ዘመን» ብለው ጻፉ። ፊደሎቹ ለአፍታ ቆሙ፤ ከዚያ እግር አወጡ። «መ» ወደ «ል» ተሻገረ፣ «ል» ወደ «ካ»። ገጹ ሲገለጥ መልካሙ የጡረታ ዘመን እስከ ሦስተኛው ቅጠል ዘልቋል። ሁለተኛው ጸሐፊ ንጹሕ ገጽ ፍለጋ ቢገልጥ ገጹ እጁ ላይ ቀረ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ከኋላ ወንበር አንዱ «ሰው ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ደብተርም ጥራዝ ነጠቅ አለው!» ሲል አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

እትዬ አልሳቁም። የረገፉትን ሰብስበው፣ ጠርዛቸውን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አድርገው አስተካከሉና «ግድ የለም፣ በእርሳስ እንጽፍበታለን» አሉ። «ጠግኜ አመጣዋለሁ» ብዬ ከእጃቸው ነጥቄ ወጣሁ።

እዚህ ላይ ይቅርታ ያድርጉልኝና እርስዎ ማለት ከበደኝ። አንተ ደብተር! የማን እጅ ነው የሠራህ? መለያውን የለጠፈብህ እጅ? ወረቀት የተጠላለፈ ቃጫ ነው፤ ቀለም በቃጫው መሐል እየተሳበ እንዳይሮጥ ሲሠራ ስታርች ወይም ጄላቲን ይጠጣል። አንተ ምን ጠጥተህ ነው? ደህና ጥራዝ ወረቀቱ ተጣጥፎ፣ በእጥፋቱ ላይ በክር ተሰፍቶ ነው የሚያያዘው፤ ስለዚህ ይዘረጋል፣ ሙጫው ቢደርቅ እንኳ ክሩ አይለቅም። አንተ ቅጠል ቅጠልህ ተቆራርጦ ጀርባህ ላይ ሙጫ የተቀባብህ ነህ። «እውነተኛ ቆዳ»ህም የተፈጨ ብጥስጣሽ በሙጫ ተለውሶ ከላይ ፕላስቲክ የለበሰ ነው፤ ጥግህ ላይ ሲላጥ አይቼዋለሁ። ርካሽ መሆንህ አያናድደኝም። ርካሽ ደብተር ርካሽ ነኝ ብሎ ስንት ዓመት አገልግሎኛል። መርፌ ጣቱን እየወጋው አንድ ደብተር ሲሰፋ የሚውል ሰው አለ፤ አንተ የሰረቅኸው የእሱን ቃል ነው። እሱም ደብተሩ ላይ «በእጅ የተሠራ» ብሎ ይጽፋል፤ ሌላ ምን ይጻፍ? ከአንተ በኋላ ማን ያምነዋል?

ይቅርታ፣ ክቡርነትዎ። ወደ አክብሮቴ ልመለስ።

የቆየ ቅሬታም አለኝ፤ አላበዛውም። የብዕር ማንጠልጠያ ቀለበትዎ ውስጥ የሚገባ ብዕር እስካሁን አልተፈበረከም። የገጽ ማመልከቻ ሪባንዎ ከገጹ ግርጌ አይደርስም። አምና የመጡት ወንድምዎ ደግሞ «ኤ5» ነኝ ብለው ነበር። ኤ5 ማለት 148 በ210 ሚሊሜትር ነው፤ ዓለም አቀፉ የወረቀት ልክ ከወጣ ከ1975 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አልተለወጠም። ወንድምዎ 140 በ200 ሆነው፣ በትክክለኛው ልክ ባሠራሁት ሽፋን ውስጥ የታላቁን ኮት እንደለበሰ ሕፃን ሲንሸራተቱ ከረሙ።

ለሻጭዎ አቤት ብያለሁ። ቅጹን ታውቁታላችሁ፤ «የጉድለቱን ዓይነት ይምረጡ፦ ቀለሙ ሌላ ነው፣ መጠኑ ሌላ ነው፣ አልደረሰኝም»። «ደርሶኛል፣ ውሸት ነው» የሚል ምርጫ የለም። መልሱ በደቂቃ ውስጥ መጣ፦ «በእጅ በተሠሩ ዕቃዎች ላይ የሚታዩ ጥቃቅን ጉድለቶች የልዩነታቸው ምልክት ናቸው።» 11 ገጽ ሙሉ ልዩነት!

ሰኞ ዕለት እትዬ በሰው እጅ አንድ ትንሽ ጥቅል ላኩልኝ፤ ወስፌ፣ መርፌና በሰም የታሸ ክር። አብሮት ያለው ብጣሽ ወረቀት «እጥፋት ስለሌለው በመሐል አይሰፋም፤ ከጎኑ ውጋው» ይላል። እንግዲህ ቅር አይበልዎትና ነገ ጠዋት ጎንዎን ይወጋሉ። በዕድሜዎ ለመጀመሪያ ጊዜ በእጅ ሊሠሩ ነው።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦
ለእትዬ (በእርሳስ)