ተማሪው ኮርሱን ይንደፍ፣ የመምህሩም ሰዓት ይከፈል

አዲስ አበባ ውስጥ ልጁን የግል ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ወላጅ "ፕሮጀክት" የሚባለውን ነገር አሳምሮ ያውቀዋል። መምህሩ ርዕስ ይሰጣል። ልጁ ከኢንተርኔት ይገለብጣል። ኮፒ ቤት ይታተማል፣ ይጠረዛል፣ ማርክ ይያዝበታል። አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ መጥቶ መገልበጡንም አቅልሎታል።

ስለዚህ "ተማሪው የራሱን ኮርስ ይንደፍ" ሲባል ሰው ቢስቅ አልፈርድበትም። እኔ ግን ይንደፍ ባይ ነኝ። 11ኛ ክፍል ላይ፣ ለአንድ ሴሚስተር፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ክፍለ ጊዜ ይበቃል።

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ፣ ግሬት ባሪንግተን በሚባል ትንሽ ከተማ፣ ሳም ሌቪን የተባለ ተማሪ በ2010 (እ.ኤ.አ.) ከዚህ በላይ ሄዷል። እሱ በትምህርት ቤቱ ባስጀመረው ፕሮግራም ስምንት ተማሪዎች ለአንድ ሴሚስተር የሚማሩትን ራሳቸው ወሰኑ። ጥያቄውን ያወጣሉ፣ መልሱን ይፈልጋሉ፣ ያገኙትን ለጓደኞቻቸው ያቀርባሉ። ከመካከላቸው ጎበዞችም ትምህርት ሊያቋርጡ የደረሱም ነበሩ። ትምህርት ቤቱ ደግሞ የመንግሥት ነው፤ የእኛዎቹ የግል ትምህርት ቤቶች "አይቻልም" ሲሉ ይህን ያስታውሱልኝ።

እዚሁ አዲስ አበባም አለ። አይ ሲ ኤስ እና ሳንፎርድ የተባሉት ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች በሚሰጡት የአይ ቢ (ኢንተርናሽናል ባካሎሬት) ዲፕሎማ፣ ተማሪው ራሱ በመረጠው ጥያቄ ላይ እስከ 4,000 ቃል የሚደርስ ጥናት ይጽፋል። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን አማካሪ መምህሩን ነው። ለአንድ ተማሪ ከ3 እስከ 5 ሰዓት እንዲሰጥ ይመከራል። 20 ተማሪ ቢይዝ ከ60 እስከ 100 ሰዓት ማለት ነው።

ጉዳዩ ያለው እዚህ ጋ ነው። የእኛ የግል ትምህርት ቤት መምህር ቀኑን ሙሉ ከክፍል ክፍል ሲዞር ይውላል፣ ማታ ቲውቶሪያል አለበት። የማማከሪያ ሰዓት ካልተመደበለትና ካልተከፈለው፣ አዲሱ ኮርስ በወሩ ተመልሶ ጥራዝ ይሆናል።

ሰዓቱ ካለ ምን ይደረጋል? አንዷ ተማሪ መርካቶ ምናለሽ ተራ ውዳቂ ብረት እንዴት ምጣድና ምድጃ እንደሚሆን ልታጠና ፈለገች እንበል። መጀመሪያ ሁለት ገጽ ዕቅድ ታቀርባለች፦ ጥያቄዬ ይህ ነው፣ ከእነማን ጋር እነጋገራለሁ፣ በዚህ ቀን እጨርሳለሁ። መምህሩ "ጥያቄሽ ሰፋ፣ ዋጋው ላይ አተኩሪ" ይላታል። ቅራቅንቦ ገዢውን "ቆራሌው"ን ትጠይቃለች፣ ቀጥቃጩን ትጠይቃለች፣ የአንድ ኪሎ ብረት ዋጋ በየእጁ ሲያልፍ ስንት እንደደረሰ ትመዘግባለች። መጨረሻ ላይ ቆማ ታስረዳለች። ያልሠሩትን ጥናት በቃል ማስረዳት ደግሞ ከባድ ነው። ቻትጂፒቲም እዚያ አብሮ አይቆምም።

የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ይህን ያውቁታል። የቅኔ ተማሪ ዱር ወርዶ ለብቻው ቅኔ ይቆጥራል፣ ተመልሶም ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ ቢመጣ የኔታ ሁለት ጥያቄ ሳይጠይቁ ይነቁበታል።

"ማትሪኩስ?" የሚለው ተቃውሞ ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተናን ከወሰዱት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፣ በ2016ም 5.4 በመቶ። ወላጅ ቢደነግጥ ትክክል ነው። ይህ ኮርስ የማትሪክ ውጤት ከፍ ያደርጋል ብዬ አልምልም። ግን ዩኒቨርሲቲ የገባው ልጅ መመረቂያ ጽሑፍ ሲታዘዝ የሚያጽፍለት ሰው ፍለጋ የሚሮጠው፣ እስከዚያ ድረስ አንድም ጥያቄ ራሱ አውጥቶ ስለማያውቅ ይመስለኛል።

ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ ክፍያ ሊጨምሩ ወላጅ ይሰበስባሉ። ያኔ የሚዘረዘረው ኪራይ፣ ደሞዝና የኑሮ ውድነት ነው። ከጭማሪው ውስጥ ለመምህሩ የማማከሪያ ሰዓት የሚውለው ስንት እንደሆነ አንድ ወላጅ እጁን አውጥቶ ይጠይቅ።