ለክቡር አቶ «አልተረጋገጠም»፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ በሳጥን ቁጥር 17 ውስጥ ዜሮ እንድንጽፍ ስለ መጠየቃችን

ክቡር ሆይ፣

የከበረ ሰላምታዬን በትሕትና እያቀረብኩ ወደ ጉዳዬ እገባለሁ። እርስዎን ለአንባቢ ማስተዋወቅ አያስፈልገኝም፤ በአዲስ አበባ ቀበሌም ይሁን እኔ አሁን በምኖርበት በሜሪላንድ፣ ቁጥር ይዞ ወንበር ላይ የጠበቀ ሰው ሁሉ ፊትዎን ባያይ ፊርማዎን አይቷል። ራሴን ግን ላስተዋውቅ። በዕድሜ የገፉ ሰዎችን ቤታቸው እየሄድኩ የምንከባከብ ሴት ነኝ፤ ካለፉት አራት ዓመታት ወዲህ በእጄ ያሉት አንድ የ87 ዓመት አሜሪካዊ የቀድሞ ወታደር ናቸው። ስማቸውን እዚህ መጻፍ ዋጋ የለውም፤ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ አድርሰንልዎት ሦስት ጊዜም ሊያገኙት አልቻሉም። እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ። የቃሉን ትርጉም በጠየቁኝ ጊዜ «ታላቅ ወንድም እንደ ማለት ነው፣ ከጋሻ የመጣ ነው ይላሉ» ብዬ ብመልስላቸው፣ «ጋሻማ ሰጥተውን ቢሆን ኖሮ እኔና አንቺ አንተዋወቅም ነበር» አሉኝ።

እንዲህ የሚቀልዱት በምክንያት ነው። ኦገስት 31 ቀን 1957 የ19 ዓመት ወጣት ሳሉ በኔቫዳ በረሃ ከጓዶቻቸው ጋር ተሰልፈው ነበር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር የምጽፈው፣ በሌላ አቆጣጠር የተጻፈውን «አልተረጋገጠም» እንዳይሉኝ ሰግቼ ነው)። «ጀርባችሁን ስጡ፣ ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ በክንዳችሁም ሸፍኑ» ተባሉ። ሊነጋጋ ሲል፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ፣ «ስሞኪ» የሚል ስም የወጣለት የኑክሌር ሙከራ ቦምብ 213 ሜትር ከፍታ ባለው ማማ አናት ላይ ፈነዳ። ጉልበቱ 44 ኪሎ ቶን ነበር፤ ሂሮሺማን ካወደመው ቦምብ ሦስት እጥፍ ያህል ነው። ጋሼ በተጨፈነ ዓይናቸው የገዛ ክንዳቸውን አጥንት አዩ። በኋላም አቧራውን በመጥረጊያ ጠረጉላቸው። በመጥረጊያ፣ ክቡር ሆይ፤ እኔ ጠዋት ጠዋት ወጥ ቤታቸውን በምጠርግበት ዓይነት።

የቆየውን ቂም በአጭሩ ላሳልፈው፣ እርስዎም ጊዜ የለዎትም። ጋሼ ለያዛቸው ካንሰር ካሳ ባመለከቱ ጊዜ፣ መጀመሪያ እርስዎ በዚያ ስፍራ ስለ መገኘታቸው ማስረጃ ጠየቋቸው። ማስረጃው የነበረው ሴንት ሉዊስ አጠገብ በሚገኘው ብሔራዊ የሠራተኞች መዝገብ ማዕከል ሲሆን፣ እርሱም ጁላይ 12 ቀን 1973 በእሳት ተያይዞ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚደርሱ ፋይሎች ወደሙ፤ ከ1912 ማብቂያ እስከ 1960 መግቢያ ድረስ ከምድር ጦር ከተሰናበቱት ሰዎች መዝገብ ውስጥ አምስት እጅ ቢሆን አራቱ እጅ ነደደ። ቅጂ አልነበረውም። ጋሼ ስንብታቸውን የተቀበሉት በ1958 ነው፤ መዝገቡን እንዳላቃጠሉት ግን እስካሁን ማረጋገጥ አልቻሉም።

ቀጥሎ በዚያን ጊዜ ለሐኪም ለምን እንዳልተናገሩ ጠየቋቸው። እንዳይናገሩ ያስማላቸው መንግሥት ነው፤ መሐላውም በሕግ የተነሣው በ1996 ነው። ለሚስታቸው እንኳ ያልተነፈሱትን በሕክምና ካርድ ላይ አጡት ማለት ነው።

ሦስተኛው የሕመም ዝርዝርዎ ነው። በ1988 በወጣው ሕግ አንድ የኑክሌር ሙከራ ተሳታፊ ከ13 የካንሰር ዓይነቶች በአንዱ ከተያዘ፣ ያመመው ጨረሩ ነው ተብሎ ያለ ተጨማሪ ጭቅጭቅ እንዲታመንለት ተወሰነ፤ ዝርዝሩ ቀስ በቀስ አድጎ 21 ደርሷል። የጋሼ የፕሮስቴት ካንሰር ግን በዚያ ውስጥ የለም። ዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ሕመም ያለበት ሰው የጠጣው ጨረር መጠን ይሰላለት ተብሎ ወደ ሌላ መንገድ ይሸኛል፤ ለስሌቱም መጠይቅ ይሞላል። ሳጥን ቁጥር 17ን ያገኘነው እዚህ መንገድ ላይ ነው።

ባለፈው ማክሰኞ መጠይቁን ይዘን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ከቢሮዎ ደረስን። ማሽኑ 61 ቁጥርን ሰጠን፤ ሰሌዳው ላይ 22 ይላል። ጋሼ መቀመጫው ስለሚያሳምማቸው ከቤት ያመጣሁትን ትራስ አደረግሁላቸውና ጠበቅን። ሰሌዳው 40 ላይ ሲደርስ አንድ ሰዓት ሙሉ ቆመ፤ ምሳ አይደለም፣ እሳትም አልተነሣም፣ «ሲስተም የለም» ነው። ይህን ቃል በእንግሊዝኛ የሰማሁት ያን ቀን ነው፤ ከአገር ቤት የናፈቀኝ ነገር ይህ ነው ብዬ ግን አላውቅም። ወደ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ ጋሼ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው ሽንት ቤት መሄድ እንደሚፈልጉ ነገሩኝ። ሽንት ቤቱ በኮሪደሩ መጨረሻ ነው፤ ለእርሳቸው መሄጃውና መመለሻው ብቻ ሩብ ሰዓት ይፈጃል። ሰሌዳው 57 ይላል። ቁጥሩ ተጠርቶ ሰው ካልቀረበ ምን እንደሚከተል ከአንባቢዎቼ መካከል የማያውቅ የለም። ጥበቃውን ሄጄ ብለምነው በትሕትና «አዲስ ቁጥር መውሰድ ይችላሉ» አለኝ። ጋሼም «እችላለሁ፣ እጠብቃለሁ» አሉ።

አልቻሉም። ካንሰሩና የጨረር ሕክምናው ተጋግዘው ያደከሙት ፊኛ ሲስተሙ እስኪመለስ አይጠብቅም። ሰሌዳው ላይ 60 በራ፤ ጋሼ ትራሱን አቅፈው፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው ተቀመጡ። ትከሻዬ ላይ የነበረውን ነጠላ አውርጄ ወገባቸው ላይ አሰርኩላቸው። በአያቶቻችን ዘመን ሹም ፊት የሚቀርብ ሰው ኩታውን አደግድጎ ይቆም እንደነበር ክቡርነትዎ አያውቁ ይሆናል። እነሆ፣ በታሪክዎ ምናልባት ለመጀመሪያ ጊዜ፣ አንድ አሜሪካዊ አዛውንት በሐበሻ ነጠላ አደግድገው ፊትዎ ቀረቡ።

የመስኮቷ ልጅ ክፉ አይደለችም። ነጠላውን አይታ እንዳላየች ሆነች፤ ስለዚህም አመሰግናታለሁ። አሥራ ሁለቱን ገጽ እያገላበጠች ኮምፒውተር ላይ ሞላች፣ ሳጥን ቁጥር 17 ላይ ስትደርስ ቆመች። ጥያቄው «ፍንዳታው ከደረሰበት ነጥብ በምን ያህል ርቀት ላይ ነበሩ?» ይላል። ጋሼ ሦስት ሌሊት አስበውበት፣ በሚንቀጠቀጥ እጃቸው እንዲህ ብለው ጽፈዋል፦ «አላውቅም። ዓይኔን እንድጨፍን ታዝዤ ነበር።»

«ሳጥኑ ቁጥር እንጂ ፊደል አይቀበልም» አለች ልጅቷ።

«ባዶውን ተዪው» አልኳት። ባዶ ከሆነ ሲስተሙ ወደሚቀጥለው ገጽ አያልፍም። ጋሼ እንዲገምቱ ጠየቀቻቸው። የመጠይቁ የመጀመሪያ ገጽ ደግሞ ሐሰተኛ ቃል የሰጠ ሰው በሕግ እንደሚጠየቅ በደማቅ ፊደል ያስጠነቅቃል፤ ጋሼ ጣታቸውን እዚያ ላይ አኑረው አሳዩዋት። ልጅቷ ወደ ኋላዋ ዞር ብላ አለቃዋን አማከረች፣ ተመልሳም መፍትሔ እንዳገኘ ሰው ፈገግ ብላ «ዜሮ ይጻፉና ይለፍልን» አለች።

ክቡር ሆይ፣ እስቲ ዜሮን አብረን እናስብ። በዚህ መልስ መሠረት ጋሼ ከማማው ሥር ቆመው ነበር። 44 ኪሎ ቶን አናታቸው ላይ ፈንድቶ፣ ማማው ቀልጦ፣ አሸዋው ነድዶ፣ እርሳቸው አቧራቸውን በመጥረጊያ አስጠርገው ወደ ሰፈር ተመለሱ፤ ከ68 ዓመት በኋላም 61 ቁጥርን ይዘው ቀረቡ። እንዲህ ላለ ሰው ካሳ ምን ያደርግለታል? ገድል ይጻፍለት እንጂ! ደግሞም የእርስዎን ጠባይ ስለማውቅ መልስዎ ከአሁኑ ይታየኛል፦ «አመልካቹ በገለጹት ርቀት ላይ የነበረ ሰው በሕይወት ሊኖር ስለማይችል፣ የአመልካቹ በሕይወት መኖር አልተረጋገጠም።»

ጋሼ አልጻፉም። «በመንግሥት ወረቀት ላይ አልዋሽም» አሉና ብዕሩን አስቀመጡ። ልጅቷ «ያልተሟላ» የሚል ማኅተም መታችበት፤ ለአዲስ ቀጠሮ ስድስት ሳምንት ሰጠችን። በመኪናው ውስጥ ቤት እስክንደርስ አንድ ቃል አልተናገሩም። በር ላይ ስንደርስ ብቻ «ነጠላሽን አበላሸሁብሽ» አሉኝ።

እኚህን ሰው እዚያ በረሃ ላይ ያቆምካቸው አንተ ነህ። ጀርባ ስጡ ያልከው፣ ዓይን ጨፍኑ ያልከው፣ አፋችሁን ዝጉ ብለህ ያስማልከው አንተ ነህ። ወረቀታቸውን ተቀብለህ ያለ ቅጂ ያስቀመጥከው፣ ያቃጠልከውም አንተው ነህ። የት እንዳቆምካቸው ታውቃለህ፤ የመከላከያ ኑክሌር ኤጀንሲ ስለ ስሞኪ ብቻ መጽሐፍ የሚያህል ዘገባ በ1981 አሳትሞ፣ የትኛው ክፍል በምን ሥራ ላይ እንደነበረ አስፍሯል። እያወቅህ ስንት ሜትር ነበር ብለህ ዓይኑን የተጨፈነውን ሰው ትጠይቃለህ? የ87 ዓመት ሰው ሱሪው እስኪርስ ወንበር ላይ ይቀመጣል?

ይቅርታ፣ «እርስዎ» ለማለት ነው። ወደ ወጉ ልመለስ።

በነገራችን ላይ፣ ጠፉ የሚሏቸው ሰዎች ሲፈለጉ አይጠፉም። የአገሪቱ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል ተመራማሪዎች በስሞኪ የተሳተፉትን 3,224 ሰዎች ተከታትለው፣ ይጠበቅ የነበረው የደም ካንሰር 3.5 ሲሆን 9 ሆኖ እንዳገኙት በ1980 አሳትመዋል። ለጥናት ሲሆን በነጥብ ተቆጠሩ፤ ለካሳ ሲሆን ተቃጠሉ። የስሌቱም ነገር እንዲሁ ነው፦ በ2003 የአሜሪካ ብሔራዊ የሳይንስ አካዳሚዎች ኮሚቴ የወታደሮቹን የጨረር መጠን አሰላል መርምሮ፣ ከፍተኛው ግምት ብዙ ጊዜ ከሚገባው በታች እንደሚሆን ጽፏል። ይህንን ያነበበ ሰው ቢሮዎ ውስጥ ቢኖር፣ ሳጥኑን ለመሙላት ዜሮ ከማለቱ በፊት እጁ ትንሽ ይንቀጠቀጥ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ከ1990 ጀምሮ ለሙከራ ስፍራ ተሳታፊዎች 75,000 ዶላር ይከፍል የነበረውን ሌላውን የካሳ ሕግ አላነሣብዎትም። በጁን 2024 ጊዜው አልፎ ሞተ፣ በጁላይ 2025 ተነሥቶ ክፍያው 100,000 ሆነ፤ የጋሼ ሕመም ግን ከሞቱ በፊትም ሆነ ከትንሣኤው በኋላ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ወደዚህ አገር ከመምጣቴ በፊት በአዲስ አበባ በአንድ መሥሪያ ቤት ለአሥራ አንድ ዓመት የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ፤ ከአጎትዎ ልጅ ከአቶ «ፋይሉ አልተገኘም» ጋር በአንድ ጠረጴዛ ሻይ ጠጥተናል። ጥቁር የለበሱ አንዲት እናት በሰሜኑ ጦርነት የቀረ ልጃቸውን ወረቀት ፍለጋ በየሳምንቱ ይመጡ ነበር። አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ሻዬ እንዳይቀዘቅዝብኝ ብዬ፣ ከወንበሬ ሳልነሣ «አልተገኘም፣ እማማ» አልኳቸው። መደርደሪያው ከጀርባዬ ነበር። አመስግነውኝ ወጡ። ከዚያ በኋላ አልመጡም። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ «አልተረጋገጠም» የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ «አልተነሣሁም» ማለት እንደሆነ ለእኔ ሊያስረዱኝ አይችሉም፤ ሙያዬ ነበር።

የምጠይቀው ትልቅ ነገር አይደለም። ስለ ካሳው ሳይሆን ስለ ሳጥኑ ነው። ከወንበርዎ ተነሥተው፣ የ1981ዱን ዘገባ ከመደርደሪያ አውርደው፣ የጋሼ ክፍል የነበረበትን ርቀት በራስዎ እጅ በሳጥን ቁጥር 17 ውስጥ እንዲጽፉልን አመለክታለሁ። ይህ ካልተቻለ ሳጥኑ ፊደል እንዲቀበል ይደረግ። ይህም ካልተቻለ፣ በሚቀጥለው ቀጠሮ ሽንት ቤት ለሚሄድ ሰው ቁጥሩ ይጠበቅለት።

ከሰላምታ ጋር፣
የጋሼ ተንከባካቢ

ግልባጭ፦ ለመዝገብ ቤት፤ ከተቃጠለ ለአመዱ
አባሪ፦ 12 ገጽ መጠይቅ። በሳጥን ቁጥር 17 ውስጥ ቁጥር የለም። ነጠላው አልተያያዘም፤ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል።