«ወላጅ ግድ የለውም» የሚሉን መጀመሪያ ሰዓቱን ይመልከቱ

ልጄ ከምትማርበት የመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ባለፈው ሳምንት አንድ ወረቀት በደብተሯ መካከል ተጣጥፎ መጣ። የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ጠቅላላ ስብሰባ መካሄዱን፣ ለአጥር እድሳትና ለፈተና ወረቀት ማባዣ እያንዳንዱ ወላጅ እንዲያዋጣ መወሰኑን ይገልጽና «በስብሰባው ላይ ያልተገኘ ወላጅ ውሳኔውን እንደተቀበለ ይቆጠራል» ብሎ ያበቃል። ስብሰባው የተጠራው ማክሰኞ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት ነበር። ከሺህ በላይ ተማሪ ካለው ትምህርት ቤት የተገኘነው ወላጆች አርባ አንሞላም።

ብዕር ያስነሳኝ ግን ከወረቀቱ ይልቅ በዚያ ጠዋት የሰማሁት ንግግር ነው። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ባዶዎቹን አግዳሚዎች በእጃቸው እያመለከቱ «ትልቁ ችግራችን ወላጅ ለልጁ ትምህርት ግድ የሌለው መሆኑ ነው» አሉ። ከወረዳ የመጡት ባለሙያም አጠገባቸው ተቀምጠው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ። የመጣነው ሰዎች ስላልመጡት ተወቅሰን ወጣን።

የአንድ ሰው ምሬት ብቻ ቢሆን ኖሮ ሰምቼ ባለፍኩ ነበር። ነገር ግን የመንግሥት ትምህርት ቤት ደጅ የረገጠ ሁሉ ይህን ክስ ያውቀዋል። ውጤት ሲወድቅ ጥፋተኛው ወላጅ ነው፤ ተማሪ ሲያረፍድም ወላጅ ነው፤ መስኮት ሲሰበርም ወላጅ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተናን በ2014 ዓ.ም. ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ 3.2 በመቶ ብቻ አልፈው አገር በደነገጠ ጊዜም «የወላጅ ክትትል ማነስ» የሚለው ምክንያት ከመድረክ መድረክ ሲዞር ሰምተናል። ወላጅ ለወቀሳ የሚመች ተከሳሽ ነው። ችሎቱ የሚሰየመው እሱ ሥራ ላይ ባለበት ሰዓት ስለሆነ ቀርቦ መልስ መስጠት አይችልም።

ለመሆኑ ማክሰኞ ከጠዋቱ 3፡00 ሰዓት የሰፈራችን ወላጅ የት ነው? የቀን ሠራተኛው ፎቅ ላይ አሸዋና ሲሚንቶ እያወጣ ነው፤ ጠዋት ከቀረ የዕለቱን ደመወዝ ያጣል፣ ነገም በቦታው ሌላ ሰው ቆሞ ሊጠብቀው ይችላል። ጉሊት የምትቸረችረው እናት ሽንኩርትና ቲማቲሟን ዘርግታ የመጀመሪያውን ደንበኛ እየጠበቀች ነው። የታክሲ ረዳቱ በር ላይ ቆሞ እየተጣራ ነው። የሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራዋ የአሠሪዎቿን ልጆች ትምህርት ቤት አድርሳ ልብስ እያጠበች ነው፤ ለራሷ ልጅ ስብሰባ ፈቃድ ለመጠየቅ አፏን የምትከፍትበት ድፍረት ከየት ታምጣ? የመንግሥት ሠራተኛው እንኳ የፈቃድ ፎርም ሞልቶ፣ አለቃውን አስፈርሞ መምጣት አለበት።

ይህ ሁሉ ይቅር። በዚያው ግቢ ውስጥ፣ ከስብሰባው አዳራሽ ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ የምገባው ማብሰያ ቤት አለ። በየቀኑ ገና ሳይነጋ መጥተው ለተማሪዎቹ ቁርስና ምሳ የሚያበስሉ እናቶች አሉ፤ ከመካከላቸው የራሳቸው ልጆች እዚያው የሚማሩ አሉ። በስብሰባው ሰዓት የምሳውን ድስት ጥደው ነበርና አንዳቸውም አልገቡም። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ስለ ግድየለሽነት ሲናገሩ የወጡ ሽታ በመስኮቱ ይገባ ነበር። የመላው ትምህርት ቤት ልጆች ጦማቸውን እንዳይውሉ እሳት ፊት የቆሙ እናቶች በዚያች ደቂቃ፣ ሳይሰሙ፣ ግድየለሾች ተብለዋል። ይህን ሰምቼ ዝም ማለት አልችልም።

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልግባ። ዕድራችን የራሱ ቤት ስለሌለው በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ የሚሰበሰበው በዚሁ ትምህርት ቤት አዳራሽ ነው። አዳራሹም ያው፣ አግዳሚውም ያው፣ ሰዎቹም ያው ናቸው። ማክሰኞ ዕለት «ግድ የለውም» የተባለው ወላጅ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ነጠላውን እንደለበሰ፣ ቦታ እስኪጠብ ድረስ ይመጣል። የቆመ አለ፣ ደጅ ላይ የተቀመጠ አለ፣ አግዳሚ ከጎረቤት የተበደረ አለ። ጸሐፊው ስም ይጠራሉ። የቀረ ይቀጣል፤ የታመመ ሰው ይልካል፤ ያረፈደ ይቅርታ ይጠይቃል። ዕድሩን ያቋቋሙት አብዛኛዎቹ ሽማግሌዎች አስኳላ ያልገቡ ናቸው። ነገር ግን ሰው መቼ ሥራ እንደሚወጣና መቼ ቤቱ እንደሚገኝ ያውቃሉ። ዲግሪና ዲፕሎማ በተሰበሰበበት ቢሮ ይህ ቀላል ዕውቀት ጠፍቷል ብዬ አላምንም። ሰዓቱ የሚመረጠው ለጠሪው ምቾት ስለሆነ ነው።

ሰው ወደ ዕድር የሚሄደው ግን ሰዓቱ ስለተመቸው ብቻ አይደለም። ገንዘቡን ስለሚያይ ነው። ገንዘብ ያዡ ቆመው ከባለፈው ወር የዞረውን፣ በዚህ ወር የገባውን፣ ለድንኳንና ለወንበር ጥገና የወጣውን፣ ለሐዘንተኛ ቤት የተሰጠውን አንድ በአንድ ያነባሉ። ደረሰኝ ይጠየቃል፤ ደረሰኙ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ከሁለት ዓመት በፊት ለሸክላ ድስት መግዣ በወጣ ገንዘብ ላይ ግማሽ ቀን ተከራክረን፣ መጨረሻ ላይ ገዢው ከነጋዴው የጽሑፍ ማረጋገጫ እስኪያመጣ ድረስ ሒሳቡ ሳይጸድቅ አድሯል። የሸክላ ድስት ነው! የልጆቻችንን ትምህርት ቤት የውስጥ ገቢና የድጎማ በጀት ግን እስከ ዛሬ ቆሞ ያነበበልን የለም። ባለፈው ዓመት ለምን እንዳዋጣን እንኳ የማስታውሰው በግምት ነው፤ ለውኃ ታንከር ይመስለኛል። ታንከሩ ተገዝቷል፤ በስንት እንደተገዛ አላውቅም።

እንግዲህ ይህን ሰው ግድየለሽ ማለት ይቻላል? ስለ ሸክላ ድስት ግማሽ ቀን የተከራከረ ሰው ስለ ልጁ መጽሐፍ፣ ስለ መምህሩ መቅረት፣ በአንድ ክፍል ስለታጨቁት ልጆች የሚናገረው ያጣል? በገጠር ደግሞ ታሪኩ ይብሳል። የስንቱ ቀበሌ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው ገበሬው ባሕር ዛፉን ቆርጦ፣ ጭቃውን አቡክቶ፣ ድንጋዩን ተሸክሞ የሠራው? በ2015 ዓ.ም. «ትምህርት ለትውልድ» ተብሎ ንቅናቄ ሲጀመር ትምህርት ሚኒስቴር እጁን የዘረጋው ወደዚሁ ሕዝብ ነው። ጉልበቱና ገንዘቡ ሲፈለግ «ባለቤት» ይባላል፤ ሒሳብ ልጠይቅ ሲል ስብሰባው ማክሰኞ ጠዋት ይሆናል።

እዚህ ላይ ስለ ፊርማው መናገር አለብኝ፤ ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝ እሱ ነውና። በዚያ ጠዋት ስንገባ በር ላይ የስም መዝገብ ነበር። ስማችንን ጽፈን ፈረምን፤ መገኘታችንን ማረጋገጫ መስሎን። ስለ መዋጮው ሐሳብ ሲቀርብ ሁለት ሰዎች እጃቸውን አወጡ፤ አንዱ ተቃወመ፣ አንዲት እናት ደግሞ ሦስት ልጅ ያለው ሦስት ጊዜ ይከፍል እንደሆነ ጠየቁ። መልስ ሳይሰጥ «ሰዓት እየሄደ ነው» ተባለና ተጨበጨበ። በማግሥቱ ቃለ ጉባኤው ሲወጣ «ወላጆች በሙሉ ድምፅ ወስነዋል» ይላል። ከበስተኋላው የተያያዘው የእኛ የመግቢያ ፊርማ ነው። እኔም ባልተስማማሁበት ነገር የተስማማሁ ሆኜ ስሜ በዶሴ ውስጥ ተቀምጧል። የተቃወመው ሰውዬ ስምም እዚያው ሰባተኛ ተራ ላይ አለ።

ይህ ለምን እንደሚያስፈልግ ግልጽ ነው። ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ጀምሮ በመንግሥት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ትምህርት በነፃ እንዲሆን ተወስኗል። ስለዚህ ማንም ርዕሰ መምህር ወላጅን «ክፈል» ብሎ ማስገደድ አይችልም። ወላጅ ራሱ ፈቅዶ፣ ተወያይቶ ሲያዋጣ ግን ማንም አይከለክለውም። ያቺ «ፈቅዶ» የምትለዋ ቃል የምትገኘው ደግሞ በኅብረቱ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ነው። ኅብረቱ ለዚህች ቃል ሲባል ይጠራል፤ ቃሏ ከተገኘች በኋላ እስከሚቀጥለው መዋጮ ድረስ ይረሳል። በ1994 ዓ.ም. የወጣው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና የፋይናንስ መመሪያ ግን ወላጅን ያስገባው ለዚህ አልነበረም። ዕቅድ ሲወጣ እንዲሳተፍ፣ በጀት በምን ላይ እንደዋለ እንዲከታተል፣ የመማር ማስተማሩን ሥራ እንዲደግፍ ነው። ወላጆቹ ይህን ይቅርና የመመሪያውን ሽፋን አላዩም። አንድ ቅጂ በትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ቢሰቀል ምን ይጎዳል?

«ተወካዮቻችሁ አሉ፣ እነሱ ያውቃሉ» የሚል መልስ ተሰጥቶኝ ነበር። ተወካዮቹን ማን መረጣቸው? የዛሬ አራት ዓመት፣ እንደዚሁ በሥራ ቀን ጠዋት፣ በጭብጨባ ተመረጡ። የሰብሳቢያችን የመጨረሻ ልጅ ሁለተኛ ደረጃ ከገባ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ሰውየው መልካም ሰው ናቸው፤ ነገር ግን በዚህ ትምህርት ቤት ውስጥ ልጅ የላቸውም። ልጅ የሌለው ወላጅ የወላጆች ተወካይ የሚሆንበትን አሠራር ማንም ሊያስረዳኝ አልቻለም።

ትምህርት ቤቱና እኛ የምንገናኝበት ሌላ መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ «ወላጅ አምጣ»። ልጅ ሲጣላ፣ ሲያረፍድ፣ ዩኒፎርም ሳይለብስ ሲቀር ወላጁን ይዞ እንዲመጣ ይታዘዛል። እኛም በልጅነታችን የሰማነው ነው፤ ያኔ የማናውቀውን አጎት ለምነን ይዘን የሄድንም አለን። ስለዚህ ወላጅ የትምህርት ቤቱን በር የሚያውቀው ወይ ሊወቀስ፣ ወይ ሊከፍል ነው። ልጁ ማንበብ መጀመሩን ሊነግሩት የጠሩት ቀን የለም። እኔ ራሴ በአምስት ዓመት ውስጥ አንድ ጊዜ ብቻ፣ የልጄ የአንደኛ ክፍል መምህርት መንገድ ላይ አስቁመው «ልጅሽ ዛሬ ብቻዋን አንድ ገጽ አነበበች» ብለውኛል። ያን ቀን ቤቴ የደረስኩት እየበረርኩ ነው። እኚያ መምህርት ስብሰባ ቢጠሩኝ ሌሊትም ቢሆን እሄዳለሁ።

መምህራን እሑድ ዕረፍታቸው መሆኑን አውቃለሁ፤ ደመወዛቸውም ትንሽ ነው፤ በዚህ ላይ የሚከራከረኝ ካለ አልከራከረውም። በዓመት ሦስት ወይም አራት እሑድ ጥዋት ሁለት ሰዓት መስጠት ግን ከባድ ሸክም አይደለም፤ መምህራኑም በየተራ ሊገቡ ይችላሉ፤ ከውስጥ ገቢው አበል ይከፈላቸው ከተባለም የመጀመሪያዋ ደጋፊ እኔ ነኝ። ለዚያ መዋጮ አዋጡ ብንባል፣ ሒሳቡ እስከተነበበልን ድረስ፣ የሚያንገራግር ወላጅ አይኖርም። እሑድ ተጠርቶ፣ ሒሳብ ተነቦ፣ አዳራሹ ሳይሞላ ከቀረ «ግድየለሽ» የሚለውን ስም ያን ጊዜ እንቀበላለን። እስከዚያ ድረስ ማንም ኃላፊ ይህን ቃል በእኛ ላይ የመናገር መብት የለውም።

ጥያቄያችንን በጽሑፍ አቅርበናል። ስብሰባው እሑድ እንዲሆን፣ የዓመቱ ገቢና ወጪ ከነደረሰኙ እንዲነበብ፣ የኅብረቱ አባላት ልጅ ባላቸው ወላጆች እንደገና እንዲመረጡ፣ በመግቢያ ፊርማችን ላይ የተጻፈው «ሙሉ ድምፅ» እንዲሰረዝ ጠይቀናል። ደብዳቤውን ሰኞ ጠዋት ለትምህርት ቤቱ ጽሕፈት ቤት አስገባሁ፤ ጸሐፊዋ ተቀብላ ቁጥር ሰጠችኝ። ዘጠና አንድ ወላጆች ፈርመውበታል፤ መጻፍ የማይችሉት በአውራ ጣታቸው አሻራ፣ የምገባው እናቶች ደግሞ ሁሉም በስማቸው። ያን ሁሉ ፊርማ ያሰባሰብኩት በአንድ ጥዋት ነው፤ እሑድ፣ የዕድሩ ስብሰባ እንዳበቃ፣ በዚያው አዳራሽ በር ላይ ቆሜ።