የደም ውጤቱና የሕመሙ ክብደት

ያነበብኩት ጽሑፍ በደም ውስጥ የሚገኘው የአይጂኢ (በአለርጂ ጊዜ የሚጨምር የሰውነት መከላከያ ፕሮቲን) እና የኢዮሲኖፊል (የነጭ ደም ሕዋስ ዓይነት) መጠን የአፍንጫ አለርጂ ምን ያህል እንደሚጸና ሊጠቁም እንደሚችል ማስረዳቱ መልካም ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቁጥሩ በአገራችን የሚተረጎምበት መንገድ ነው። እንደ ወስፋት ያሉ የአንጀት ትሎች ሁለቱንም ከፍ ስለሚያደርጉ፣ ትሎቹ በተስፋፉበት አካባቢ የአጠቃላይ አይጂኢ መጨመር እንኳንስ የሕመሙን ክብደት፣ አለርጂ መኖሩንም ብቻውን አያረጋግጥም። ለአበባ ብናኝ ወይም ለቤት አቧራ ተባይ ተለይቶ የሚሠራው የአይጂኢ ምርመራ በእርግጥ የተሻለ ነው፤ ሆኖም እሱም ቢሆን ሰውነት በምን እንደሚቆጣ እንጂ ታማሚው ምን ያህል እንደሚሠቃይ በቀጥታ አይናገርም። አሪያ (ARIA) የተባለው ዓለም አቀፍ የአፍንጫ አለርጂ ሕክምና መመሪያ ክብደቱን የሚመድበው የእንቅልፍ መታወክን፣ የሥራና የትምህርት መስተጓጎልን በመሳሰሉ ችግሮች ስለሆነ፣ ሐኪሞቻችን እነዚህን ጥያቄዎች ከደም ምርመራው አስቀድመው እንዲጠይቁ አጥብቄ እመኛለሁ።